ሳይታይ አይዘጋም

ጋሽ ጉልላት ኮልፌ ገበያ ዳር የስፌት መኪና ሲረግጡበት የኖሩት ግራ እግራቸው ደም አጥቶ ጣቶቹ መጥቆር ጀምረዋል። አንዱ ሐኪም ይቆረጥ ብሎ ነበር። ዶክተር ምህረት ግን ከመቁረጥ በፊት የሚሞከር አለ ብላ ተከራከረች፤ አሁን በተደፈነው ደም ቅዳ ፋንታ የእግራቸውን ደም መልስ መንገድ አድርጋ ሰፍታዋለች። ደም መልስ ደግሞ ደም ወደ ታች እንዳይወርድ የሚያግዱ ስስ በሮች አሉት። ምህረት በቀጭን ስለት ሁሉንም ቆርጣቸዋለች፤ ቢያንስ እንዲያ መስሏታል።

ቁርጭምጭሚታቸውን ዳሰሰች። ትርታው አለ፤ ግን የደከመ ነው።

አለቃዋ ዶክተር ወልደ አማኑኤል ይህም ተመስገን ነው፣ እንዝጋው አሉ። እሷ በቀጭኗ ካሜራ የደም ሥሩን ውስጥ ልየው አለች። ካሜራዋ እንድታይ ደሙ በጨው ውሃ መታጠብ አለበት፤ የጋሽ ጉልላት ልብ ደግሞ ብዙ ውሃ አይችልም። ማደንዘዣ የምትሰጠው መሲ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ በላይ አልፈቅድም ብላ ቁርጡን ነገረቻት።

ከወገባቸው በታች ብቻ የደነዘዙት ጋሽ ጉልላት ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ሁሉንም ይሰማሉ።

“እናንተም እንደ አየር ጤና ወያላ ናችሁ” አሉ። “ሞላ፣ ልንሄድ ነው ትሉና ታስቀምጡናላችሁ።”

“ትንሽ ይታገሱኝ፣ ጋሼ።”

“እኔ ምን አስቸኮለኝ። እግሬን ይዤ ልውረድ እንጂ።”

የመጀመሪያው ውሃ ገባ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቀይ ብቻ ነው፤ ከአንድ የጎን ቅርንጫፍ የሚገባ ደም ያደፈርሰዋል። ውሃው አለቀ።

“ይበቃል፣ ምህረት” አሉ ወልደ አማኑኤል። “ትርታ አለው።”

“ነገ ላይኖረው ይችላል፣ ዶክተር። ሳላይ አልዘጋም።”

መልስ ሳትጠብቅ ቅርንጫፉን ፈልጋ በክር አሰረችው። ሁለተኛው ውሃ ሲገባ ቀዩ ጠራ፤ ነጣ ያለው የሥሩ ግድግዳ ታየ። ካሜራዋን ቀስ እያለች ወደ ታች ገፋቻት። የተቆረጡት በሮች ጫፋቸው በውሃው ውስጥ ይርገበገባል። ከጉልበቱ በታች ግን የአንዷ በር ሁለት ስስ ሽፋኖች ሳይቆረጡ አፍ ለአፍ ገጥመው ቆመዋል።

“ያቻት!” አሉ ወልደ አማኑኤል ቀድመዋት።

ስለቱን አስገባች፤ አንደኛውን ሽፋን አንጠልጥላ ሳበች፤ ተቀደደ። ሁለተኛውን ስትስብ ውሃው አለቀና ስክሪኑ መልሶ ቀላ። መቆረጡን በዓይኗ አላየችም፤ እጇ ላይ ግን አንዳች ነገር ሲላቀቅ ተሰምቷታል።

ከላይ ደሙን የያዘውን መቆንጠጫ ፈታችና ወደ ቁርጭምጭሚቱ ተመለሰች። ትርታው ጣቷን ገፋው። ወልደ አማኑኤልም ጣታቸውን ከእሷ ጣት ጎን አሳርፈው ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ።

“የመስፊያ መርፌ ስጧት፤ ትዝጋው” አሉ።