ፍሬን ሲረገጥ የሚታፈን ሞተር

በቦረና ጋና የሚሉት ትልቁ ዝናብ ቀረ። ሐገያ የሚሉት ትንሹም ቀረ። በዓመቱ ደመና ታየና ሰው ተስፋ አደረገ፤ አቧራውን አርጥቦ ሄደ። መጀመሪያ ጥጃ ሞተ፤ ከዚያ ላም፤ ከዚያ በሬ። ግመል ሳይቀር ቀጠነ። ከአሬሮ በሚወጣው መንገድ ዳርና ዳር የከብት ሬሳ ተጋደመ፤ አሞራውም ጠግቦ ዛፍ ላይ ይውል ነበር። ጉልበት ያለው ሁሉ የተረፈችውን ከብት እየነዳ ሣር አለ ወደተባለበት ወጣ። በየመንደሩ የቀሩት ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ተደግፈው የሚነሱ ላሞች ብቻ ነበሩ።

በዚያ በጋ ፍሬሰንበት የኢክራምን ቀይ መኪና ይዞ ከነገሌ ወደ ያቤሎ ወጣ።

ፍሬሰንበት ጎጃም ተወልዶ ነገሌ ያረጀ ሹፌር ነው። ከሠራዊቱ ጋር መጥቶ ሠራዊቱ ሲበተን እዚያው ቀረ። ኢክራም ደግሞ መኪና እየገዛች የምትሸጥ የነገሌ ልጅ ነች። ቀዩን መኪና ለወንድሟ ሠርግ ብላ ከአዲስ አበባ አምጥታው ነበር። ሠርጉ አለፈ፤ ያቤሎ ገዢ ተገኘ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ስትፈልግ ወደ ፍሬሰንበት መጣች፤ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። የሠርጉ ሪባን ገና ከመስታወቱ ላይ አልተፈታም።

መኪናው ሁለት በር ብቻ ያለው፣ ሆዱ መሬት የሚልስ፣ ቱርቦ የተገጠመለት የስፖርት መኪና ነው። አራቱም ጎማ ይስባል። ፍሪሲዮን የለውም። የእጅ ፍሬኑን የቀድሞው ባለቤት በጨዋታ ጨርሶታል። ቀስ ብለው ነዳጅ ሲሰጡት ያንቀላፋል፤ ጠንከር ሲያደርጉበት ትንሽ ቆይቶ ቱርቦው ይነሳና እንደተወጋ ኮርማ ይዘላል።

"ጋሽ ፍሬ፣ ግራ እግርዎን ያሳርፉት እንጂ፤ እዚህ መኪና ላይ ሥራ የለውም" አለች ኢክራም።

"ዕድሜውን ሙሉ የሠራ እግር በአንድ ቀን ጡረታ ውጣ ቢሉት ይሰማል?"

"በሁለት እግር አይንዱ ማለቴ ነው። ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ ሲረገጥ ይቆጣል።"

"ይቆጣ። ሚስቴም ትቆጣለች።"

ሳቀች። እሱም ቁጣው ምን እንደሆነ አልጠየቀም።

አሬሮን አልፈው ጥቂት እንደሄዱ አንዲት ሴት ከቁጥቋጦው ወጥታ መንገዱ መሐል ቆመች። ፍሬሰንበት ቀድሞ ያወቃት በአረማመዷ ነው፤ የቆየ ወዳጁ የዋሪዮ ልጅ ፋይዳ ነበረች። እጇ እስከ ክንዷ ጭቃ ነው። በዚያ ድርቅ ጭቃ ከየት መጣ ብሎ ሳይጨርስ መስኮቱን ያዘች።

"አባ ፍሬ! አባቴ ኤላ ውስጥ ነው። ድንጋይ ይዞታል። ውሃው እየመጣ ነው!"

ፍሬሰንበት መሪውን ወደ ቁጥቋጦው አዞረ። የመኪናው ሆድ ድንጋይ ሲመታ ኢክራም ዓይኗን ጨፈነች፤ ግን ይመለሱ አላለችም።

ኤላ ማለት በቦረና አባቶች በእጅ የቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓድ ነው። በደጉ ጊዜ ሰዎች ከአፉ እስከ ውሃው በየእርከኑ ቆመው፣ እየዘፈኑ ባልዲ ይቀባበላሉ። አሁን የሚቀባበል ሰው የለም። ዋሪዮ ዝናብ ቢመጣ ኤላው ደለል ሞልቶ እንዳይጠብቀው ብሎ፣ በዚያ ዕድሜው ብቻውን ወርዶ ሲጠርግ ኖሯል። ደለሉ ሲነሳ የውሃው ዓይን ተከፈተ። የታችኛው እርከን ጠፍጣፋ ድንጋይ ደግሞ ተንሸራቶ እግሩ ላይ ተኛ። ዓመቱን ሙሉ የሸሸ ውሃ ሰው ሲታሰር መጣ።

ፍሬሰንበት በደረቱ ተኝቶ ወደ ታች አየ። ዋሪዮ እንደተቀመጠ ነው። ውሃው ጡቱ ላይ ደርሷል።

"ወታደር፣ አንተ ነህ?" አለ ዋሪዮ ከታች።

"እኔ ነኝ።"

"አካም፣ ናጋ?" ሲል ሰላም አለው።

"ናጋ። አንተስ?"

"እኔማ እየታጠብኩ ነው።"

ኤላው አፍ ላይ ሦስት ሴቶችና ዳዳቻ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ገመድ አስረው ጎትተው ድንጋዩ አልነቃነቅ ብሏቸዋል። ወጣቶቹን ለመጥራት ማን ይሂድ? እስኪመለስስ ውሃው ይጠብቃል?

ፍሬሰንበት ለዋሪዮ ዕዳ ነበረበት። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲፈርስ፣ ጫማው አልቆ፣ ምላሱ አብጦ እዚሁ ኤላ አፍ ላይ ወደቀ። ወታደር ልጆቻቸውን የወሰደባቸው ሰዎች ጦር ይዘው ከበቡት። ያን ቀን የውሃው ተራ የዋሪዮ ነበር። ዋሪዮ ከብቶቹን አስቁሞ፣ "ይህ ሰው በእኔ ተራ ይጠጣል" አለ። ኤላ ላይ ደም አይፈስም፤ በሰው ተራ የሚጠጣን ደግሞ የሚነካ የለም። ጦሩ ዝቅ አለ። ከዚያ ወዲህ ፍሬሰንበት ጋቢም ገዝቶ፣ ጊደርም ነድቶ መጥቷል። ዋሪዮ ሁሉንም መለሰበት። "የሰጠሁህ ጊደር አይደለም" ይለዋል። ሲቀልድ ነው ወይስ የምሩን፣ ፍሬሰንበት ለይቶ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት አንገቱ ላይ እንዳለ ገመድ አብሮት ኖሯል፤ ከነገሌ ያላስነሳውም አንዳንዴ ይኸው ይመስለዋል።

መኪናውን ጀርባውን ለኤላው ሰጥቶ፣ ከጉድጓዱ በወጣው የአፈር ክምር ላይ ሽቅብ አቆመው። የናይለኑን ገመድ ዕጥፍ አድርገው አፉ ላይ በተጋደመው ግንድ አሳለፉት፤ ጫፉን ከመኪናው መጎተቻ ቀለበት ጋር አሰሩ። ፋይዳ ወረደችና ድንጋዩን ጠፍራ አሰረች። ዳዳቻ በእጃቸው ምልክት ሊሰጡ አፉ ላይ ቆሙ።

"በቀስታ" አሉ። "ግድግዳውን የያዘው ያው ድንጋይ ነው። ከተነጠቀ ሁሉም ይወርዳል።"

ፍሬሰንበት ነዳጅ ሰጠ። መኪናው አንቀላፋ። ጨመረ፤ ገመዱ ተወጠረ። ዳዳቻ እጃቸውን ከፍ፣ ከፍ አደረጉ። ድንጋዩ ተነስቷል። "ያዝ!" አሉ፤ ፋይዳ ሥሩን እስክትጠርግ ነው። ፍሬን ያዘ። "ጨምር!" አሉ።

እዚህ ላይ ፍሬሰንበት ያደረገው በሕይወቱ ሙሉ ዳገት ላይ ያደረገውን ነው። ግራ እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሳ በቀኙ ነዳጅ ረገጠ፤ ሞተሩ ጉልበት እስኪያገኝ ፍሬኑ ይይዛል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ መልቀቅ። በወታደር መኪና ስንት መድፍ በዚህ መንገድ አውጥቷል። ግን ሞተሩ አልጮኸም። እንደታፈነ ሰው ትን አለና ሳይጠፋ ጉልበቱ ወደቀ። ፍሬሰንበት ጉልበት አለው ብሎ ፍሬኑን ለቆ ነበር።

መኪናው አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተ። መልሶ ፍሬን ሲይዝ ከኤላው ጩኸት መጣ። የዋሪዮን ድምፅ በዚህ ዓይነት ሰምቶት አያውቅም።

"ምን አደረግኩ?" አለ ፍሬሰንበት።

"እርስዎ አይደሉም፤ ኮምፒውተሩ ነው" አለች ኢክራም። "ከፍሬኑ በላይ ትንሽ ማብሪያ አለች። ፍሬን ሲረገጥ ትነግረዋለች፤ እሱም ነዳጁን ይዘጋል። ሰው ተሳስቶ ሁለቱን አንድ ላይ ቢረግጥ መኪናው ይዞት እንዳይበር ነው።"

"እንዲተወው ማድረግ አይቻልም?"

"የማብሪያዋን ስፒና መንቀል ነው። አዲስ አበባ የሚወዳደሩት ልጆች ይነቅሏታል። ቱርቦውን በፍሬን ይዘው እያስጮሁ ለመልቀቅ።"

"ንቀያታ።"

ኢክራም በመስታወቱ ውስጥ የኤላውን አፍ አየች። "ይስሙኝ ጋሽ ፍሬ። ከነቀልኳት በኋላ ፍሬኑ ይይዛል፤ ሞተሩ ግን መያዝዎን አያውቅም፤ ባለ በሌለ ጉልበቱ ይገፋል። አንደኛው እግርዎ ቢሳሳት የሚያርምልዎ የለም። ደግሞ ያለ እሷ ማርሽ አይገባም፤ ሞተር ከጠፋም አይነሳም። ማርሽ ካስገቡ በኋላ፣ ፍሬን እንደያዙ ነው የምነቅላት።"

"ግቢ እንግዲህ።"

በሩን ከፍታ በጀርባዋ ተንሸራታ ከክሩስኮቱ ሥር ገባች። ጭንቅላቷ በሁለት እግሮቹ መካከል ሆነ። ሞተሩ ይሠራል፤ ማርሽ ገብቷል፤ ግራ እግሩ ፍሬኑን ይዟል።

"ይሄን ወንድሜ ቢያይ ሠርጉን ያፈርሰዋል" አለች ከታች።

"ዝም ብለሽ ፈልጊ።"

"ካልሲዎ ግን..."

"ኢክራም!"

"አገኘኋት።"

ቀጭ አለ። ክሩስኮቱ ላይ ቢጫ መብራቶች ተግተልትለው በሩ። ፍሬሰንበት በቀኝ እግሩ ነዳጁን ነካው፤ ሞተሩ ጮኸ። ጨመረ፤ ቱርቦው ማፏጨት ጀመረ። መኪናው ሁለመናው ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልሄደም። ይህን ቋንቋ ያውቀዋል።

"ልውጣ?" አለች ኢክራም።

"አትንቀሳቀሺ። ክንድሽ ፍሬኑን ከነካ አለቅን።"

"ወደ ኋላ ብንሄድስ?"

"አብረን እንወርዳለን።"

"ማጽናናት እንዲህ ነው ጋሽ ፍሬ!"

ግራ እግሩን ጥፍር ያህል አላላ። ገመዱ ጮኸ። መኪናው እንደ ቀንድ አውጣ ተሳበ። በመስታወቱ የሚያየው የዳዳቻን እጅ ብቻ ነው። እጁ ከፍ አለ። ደግሞ ከፍ አለ። ከዚያ ተዘረጋ፦ ያዝ። ፍሬኑን ጠበቅ አደረገ፤ ነዳጁን ግን አልቀነሰም። ሞተሩ አልታፈነም። የተቃጠለ የፍሬን ሽታ ወደ ውስጥ ገባ። ከግንዱ ላይ የገመዱ አንድ ፈትል ተበጥሶ ሲንጨባረር አየ።

ጊዜው ቆመ። የግራ ባቱ ተኮማተረ፤ ሕመሙ እስከ ወገቡ ወጣ። ቢያነሳ መኪናው ይዘላል፤ ገመዱ ተበጥሶ ድንጋዩ ይወርዳል። ከልክ በላይ ቢጫነው ሞተሩ ሊጠፋ ይችላል። ኢክራም ከሥሩ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አየች። በሁለት እጇ ባቱን ይዛ ማሸት ጀመረች። ፋይዳ ከታች በኦሮምኛ ትጮሃለች፤ ውሃ ይንቦጫረቃል። ዋሪዮ ይሳደባል። ስድቡን ሲሰማ ፍሬሰንበት አምላኩን አመሰገነ።

ሴቶቹ አፉ ላይ ተንበረከኩ። የሁለት ሰው ጭቃማ እጅ ታየ፤ ከዚያ ራስ፤ ከዚያ ዋሪዮ በሙሉ፣ ግራ እግሩ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ከኋላው እየተጎተተ። ፋይዳ ተከትላው ወጣች። ዳዳቻ ወደ መኪናው ዞረው ነዳጅ ቀንስ የሚል ምልክት ሰጡ፤ ገመዱ በራሱ ሳይበጠስ ቀድመው ቢላቸውን መዝዘው መቱት።

ድንጋዩ ወረደ። ግድግዳው ተከተለው። ምድሩ ከሥራቸው አጉረመረመ፤ ከኤላው አፍ ቀይ አቧራ ወጣ። ሲረጋ ውሃ የነበረበት ቦታ አፈር ብቻ ሆኖ ታየ። ሴቶቹ ቆመው አዩት። ያን ኤላ የቆፈሩት የአያቶቻቸው አያቶች ናቸው።

ፍሬሰንበት ሞተሩን አጠፋ። ኢክራም ወጣች፤ ፀጉሯ ተበታትኗል፤ ጉንጯ ላይ የጫማው አፈር አለ። ስፒናዋን መልሳ ሰካችና፣ "ያቤሎ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን" አለች። ዋሪዮን ከነጭቃው፣ ነጭ ቆዳ በለበሰው የኋላ ወንበር ላይ አስተኙት። እግሩን ፋይዳ በቅርንጫፍና በሪባኑ አሰረችው።

ፍሬሰንበት እያነከሰ ወደ ኋላው መስኮት መጣ። ዳዳቻ እዚያው ተደግፈው ቆመዋል።

"ዋሪዮ፣ ድንጋዩን መጀመሪያ የለቀቅኩብህ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ። ሌላ ማን ነዳ?"

"እግርህ ቢቀርስ? ኤላውም ጠፋ።"

"ኤላ ይቆፈራል።" ዋሪዮ ዓይኑን ጨፍኖ ጥርሱን ነከሰ፤ ሕመሙ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ዳዳቻ ዞሮ በኦሮምኛ ተናገረ፤ ፍሬሰንበትም ቃል በቃል ሰማው። "አባ ዳዳቻ፣ ይስሙ። ይህ ሰው የእኔን ተራ ጠጥቶ ነበር። ዛሬ መልሷል። ከእንግዲህ የምፈልግበት የለኝም።"

"እግርህሳ?" አለ ፍሬሰንበት። "ሒሳቡ አልሞላም።"

"እግሬን ቀንስ። የተረፈው ሰውዬ አይበቃም?"

ዳዳቻ ሳቁ፤ ሳቃቸውን ጨርሰው ቀኝ እጃቸውን አነሱ። "ሰምቻለሁ" አሉ። "ተከፍሏል።"