አሰብ የቀረ ጡረታ

ምንዋጋው ሰቆጣ ተወልዶ ሰቆጣ የማይሞቀው ሰው ነበር። ዕድሜውን የፈጀው አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ሲነዳ ነው። በዘጠናው የኤርትራ ጦርነት ከተማዋን ለቆ አንድ ሻንጣ ይዞ ሲመለስ፣ ባል የሞተባት ታላቅ እህቱ ጥሩሐረግ ከቤቷ አንዱን ክፍል ለቃ አስገባችው። ዓመታት አለፉ፤ እሱ ግን እንደ እንግዳ ነው የሚኖረው።

ጠላ ቤት ሲቀመጥ ወሬው አንድ ነው። «አሰብ እኮ የአፋር ዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። የጣሊያን መርከብ ድርጅት መጥቶ ዳርቻውን ከሱልጣኖቹ ገዛ። ኋላ ወደቡ ሰፋ፣ ነዳጅ ማጣሪያው ተተከለ። ለጡረተኛ እንደሷ ያለ አገር የለም። ዳገት የለ፣ ብርድ የለ፤ አልጋህን ደጅ አውጥተህ ነው የምትተኛ።»

«በረሃን ለጡረታ የሚመኝ ሲኦልንም አይፈራ» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል።

ያልነገራቸው ነገር ነበር። ሚስቱ ምህረት እዚያው አሸዋ ውስጥ ናት፤ ከጎኗ ሊያርፍ ቃል ገብቶላታል። ጥሩሐረግ ቅሬ ግባ ስትለው እምቢ የሚለውም ለዚህ ነው። ቅሬ የገባ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ መቃብር የሚቆፍርለት ያገኛል። ለምንዋጋው ግን የሰቆጣ ቅሬ መግባት እዚሁ ልሙት ማለት ነው።

«የአሰብ መንገድ ይከፈታል፣ እትዬ» ይላታል።

«ሞት መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃል? እኔ ካለፍኩ አንተን ማን ያነሳሃል?»

«የአሰብ ሰው።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንዳስከፋት አውቋል፤ ግን ግትር ነው።

ፍልሰታ እንደተፈታ ጥሩሐረግ አልጋ ያዘች። «እኔ ልጅ አልወጣልኝም» አለችው። «አንተ ስትመጣ ወገን አገኘሁ ብዬ ነበር። ዓይንህ ግን ባሕሩ ላይ ቀረ።»

ምንዋጋው አፈረ። በነጋታው የቅሬው ዳኛ አባ ገብረ አምላክ ዘንድ ሄደ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ አዲስ ገቢ ቀጥሎ የሚመጣውን ሟች መቃብር ቆፍሮ ነው ከሰው የሚቆጠረው። እሺ ብሎ ተመለሰና ነገራት። ደስ አላት፤ ያን ቀን እህልም ቀመሰች።

ቀጥሎ የመጣው ሞት የእሷ ሆነ።

ዘመድ ተቀምጦ ያለቅሳል እንጂ አይቆፍርም። ምንዋጋው ግን ዶማውን ከጎረምሶቹ እጅ ወሰደ።

«አያ ምንዋጋው፣ ይተዉት» አሉ አባ ገብረ አምላክ። «ወንድም የእህቱን አይቆፍርም። በሚቀጥለው ይገባሉ።»

«የሚቀጥለው እኔ ብሆንስ?»

ሽማግሌው ፈቀቅ አሉለት። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ እያለቀሰ ቆፈረ፣ እንባውንም አልደበቀም። ጉድጓዱ ወገቡ ሲደርስ ቆመና ከአጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ በእጁ አሳየ።

«ይችን ለማንም እንዳትሰጡብኝ።»

«አሰብስ?» አሉት አባ ገብረ አምላክ።

ምንዋጋው ላቡን ጠረገ።

«ምህረት የምትባል ሚስት ነበረችኝ» አላቸው። «ከጎንሽ እተኛለሁ ብያት ነበር።»