ዋይሳኬ ዝም ያለ ቀን

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ብዋሽ ጀልባዬ ትስጠም። "አንተ ደግሞ ምን ጀልባ አለህ?" የሚል ካለ፣ እሺ፣ የአጎቴ ትስጠም።

እኛ የናማራ ሰዎች ከባሕሩ ማዶ ካሉት ከዋይኮሮ ሰዎች ጋር ታውቩ ነን። የጥንት አባቶቻችን ወንድማማች ነበሩ ይባላል፤ ስለዚህ እንሰዳደባለን። እኛ የእነሱን ዶሮ ሳናስፈቅድ አርደን እንበላለን፣ እነሱ የእኛን ድስት ከነወጡ ይዘው ይሄዳሉ። ለቀብር መጥተው እንኳ ሟቹን "ስንፍናህ በዛ፣ ተነስ እንጂ!" ይሉታል። በዚህ የተቆጣ ሰው ሁለቱም መንደር ይታዘበዋል።

የአጎቴ የኢሲኬሊ ልጅ ዋይሳኬና የዋይኮሮዋ ላይሳኒ በዚህ ወግ የሚችላቸው አልነበረም። በአንድ የትምህርት ቤት ጀልባ እየተመላለሱ ነው ያደጉት። እሱ የምሳ ካሳቫዋን ይበላና ቅጠሉ ውስጥ ድንጋይ ጠቅልሎ ይመልስላታል። እሷ ሱሪውን ከገመድ ላይ አውርዳ፣ ለብሳው መዘምራን መሃል ትቆማለች። አንዴማ በአፍንጫው ላይ ያወጣችው ስድብ ከደሴት ደሴት ተሻግሮ፣ ከሩቅ የመጣ መርከበኛ ጭነቱን ሳያራግፍ "ባለ አፍንጫው የታለ?" ብሎ ወርዶ አይቶት ተመልሷል።

ታዲያ አንድ ቀን ከገበያ ስንመለስ፣ እኔ ከኋላ ሞተሩን ይዣለሁ፣ ዋይሳኬ ድንገት፣

"ላይሳኒ፣ አግቢኝ" አላት።

ላይሳኒ ሳቀች። ሳቋ ጀልባዋን ስላንገዳገዳት ዓሦች ደንግጠው ዘለው እግራችን ሥር ወደቁ። ማታ ጠብሰን በልተናቸዋል። ዋይሳኬን ላብ አጠመቀው። ምን ያድርግ? እሱም አብሯት ሳቀ።

"ፊትሽን ባየሽው!" አላት።

ያኔ እሷ ሳቋን አቆመች። መንደሯ ስንደርስ ዘንቢሏን አንስታ ዘላ ወረደች።

"አንተ ደንቆሮ፣ የምርህን ነበር አይደል?" አልኩት።

"የምሬን ነው። ስትስቅብኝ ጊዜ ደነገጥኩ።"

በእኛ ወግ ሴት ልጅ የምትጠየቀው ለአባቷ የዓሣ ነባሪ ጥርስ በማቅረብ ነው። አጎቴ ኢሲኬሊ የቤተሰቡን ጥርስ ከሣጥን አውጥቶ በኮኮናት ዘይት ወለወለው፤ ለባብሰንም ተሻገርን። የላይሳኒ አባት አፔኒሳ ቤት ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። አጎቴ ጥርሱን በሁለት እጁ ይዞ፣ የስብከት ድምፁን አወጣ።

"የተከበሩ አፔኒሳ፣ ልጅዎን ላይሳኒን ለልጄ ለዋይሳኬ..."

አፔኒሳ ጭኑን በጥፊ መታ። "ኧረ እናንተ ሌቦች! አሳማዬን በልታችሁ ሳትጨርሱ ልጄን ልትበሉ መጣችሁ? ደግሞ ይህን ጥርስ ከማን አፍ ነቀላችሁት?"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አጎቴ ጥርሱን እንደያዘ ቀረ። መቆጣት አይቻል ነገር! እሱም ሳቀና ጥርሱን መልሶ ጠቀለለው።

ላይሳኒ እስከ ባሕሩ ዳር ተከተለችን።

"አንተ ዋይሳኬ፣ ስማኝ" አለችው። "በዶሮውም በሱሪውም ቀልድ። በዚህ ግን ከቀለድክ ጓደኝነታችንም እዚህ ላይ ያበቃል።"

"አልቀለድኩም።"

"ጀልባዋ ላይ ስቀሃል።"

"አንቺ ስለሳቅሽ ነዋ!"

"ታዲያ በምን ልመንህ? ከተዋወቅን ጀምሮ አንድ ቁም ነገር ከአፍህ ወጥቶ አያውቅም።"

ይህን ብላ ሄደች። ዋይሳኬ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል፤ የእኔንም ድርሻ የበላው ከሐሳብ ብዛት ነው።

ቅዳሜ ዋይኮሮዎች የመሰብሰቢያ አዳራሻቸውን ጣሪያ ይመቱ ነበር። ታውቩ ስለሆንን እኛም ለሥራና ለስድብ ተጠራን።

"ዛሬ ምንም ቢሉኝ አልመልስም" አለኝ ዋይሳኬ በመንገድ ላይ።

"አንተ? ትፈነዳለህ!"

"ልፈንዳ።"

ቀኑን ሙሉ ሚስማር መታ፤ ሥራው ሲያልቅ አፔኒሳ ቤት ደጃፉ ላይ ጥግ ይዞ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ያንጎና የምንለው የሥር መጠጥ በገንቦ መሃል ቀርቦ ጽዋው መዞር ጀመረ።

"ዋይሳኬ! አፍንጫህ ቀድሞህ ትናንት ደርሷል፣ አንተ አሁን ገባህ?" አለ አንዱ።

ዝም።

"ናማራዎች መዶሻ ሲይዙ ቤቱን ሊሠሩ ነው ሊሰርቁት?"

ዝም። አንዷ የዓሣ ጭንቅላት አምጥታ ኮፍያው ላይ አስቀመጠችለት። አላወረደውም። ሰው መተያየት ጀመረ። ላይሳኒ ጽዋውን ይዛ መጥታ ፊቱ ተንበረከከች።

"እናትህ የቀቀለችውን ዓሣ ባሕር ብንጥለው" አለችው ጮክ ብላ፣ "ሻርኩ መልሶ ያመጣልናል።"

ጉንጩ እንደ ፊኛ ተነፋ፣ ጆሮው ተንቀጠቀጠ። መልሱ ጉሮሮው ላይ ሲራወጥ በዓይኔ አይቻለሁ! ግን ዋጠው። ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ፤ አንድ ቃል አልወጣውም።

"ይሄ ልጅ ታሟል፣ ነርሷን ጥሩ!" አለ አፔኒሳ።

የላይሳኒ አክስት ኡናይሲ ግንባሩን ዳሰሰች። ከዚያ አቀማመጡን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"አልታመመም" አለች። "ባሌ እናቴ ቤት ሲመጣ እንዲህ ነበር የሚቀመጠው፤ ደጃፍ ላይ፣ ዓይኑን መሬት ተክሎ። አማቱ ፊት ማን ይቀልዳል? አፔኒሳ፣ ይሄ እኮ አማችህ ሆኖ ነው የመጣው።"

ላይሳኒ እዚያው እንደተንበረከከች ፊቱን ስታየው ቆየች። የዓሣውን ጭንቅላት በቀስታ ከኮፍያው ላይ አነሳችለት።

"አባዬ፣ ጥርሱን ተቀበላቸው" አለች።

አጎቴ እስኪነገረው አልጠበቀም፤ ጥርሱ ከሸሚዙ ሥር ነበር። አፔኒሳ በሁለት እጁ ተቀብሎ አሸተተው፣ ዘንበል ብሎም እንደ ወጉ አጨበጨበ። ዋይሳኬና ላይሳኒ ታጩ።

አፔኒሳ ግን ወዲያው ፊቱ ጠቆረ።

"ከእንግዲህ ይህን ልጅ መስደብ ቀረብኝ ማለት ነው?" አለ። "እንዲህ ያለ አፍንጫ ከየት አገኛለሁ?"

"እኔ አለሁልህ፣ አንተ ሽማግሌ ቁራ!" አልኩት፤ እንደ ልጁ አቀፈኝ።

ሁሉም እውነት ነው፤ ዓሦቹም ጭምር። አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ፤ ዋይሳኬ አንድ ቃል አልወጣውም ማለቴን። አጠገቡ ተቀምጬ ጎኑን ስኮረኩረው ነበርና፣ ማንም ሳይሰማ ጆሮዬ ሥር አንድ ቃል ተናግሯል። እሱን ደግሞ ወረቀት አይችለውም።