የተጨመረው ምዕራፍ

የሚሌኒየሙ ዓመት ነበር፤ ጉርድ ሾላ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ በየቀኑ አዲስ ፎቅ የሚጀመርበት ጊዜ። ጅሬኛ ከታክሲ ወርዶ ወደ ጓደኛው ወደ ሃይደር ቤት አቀና። በፌስታል የያዛት ዕቃ መዳፍ የምታህል የእጅ ጌም ናት። ግን እንደዚያን ቀን ከባድ ነገር ተሸክሞ አያውቅም።

ዕቃዋን የላከችው የሃይደር ታላቅ እህት ሪሀና ናት፣ ከዱባይ። ይዛት የመጣችው የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ክፉ ወሬም ይዛ መጥታለች፤ ሪሀና ዕቃዋን አድርሺልኝ ብላ በሰጠቻት በሳምንቷ በድንገተኛ ሕመም ሞታ እዚያው ተቀብራለች። ይህን የሚያውቁት አጎትየው ጋሽ አብዱልሐሚድ፣ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችና ጅሬኛ ብቻ ናቸው። መርዶው ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ መኪና በር ላይ ቆሞ ሊነገር ተቆርጧል። እናትየው እትዬ ዘሃራ ደም ግፊት አለባቸዋ! ሃይደር ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ከርብራብ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ ጊዜ እንኳ፣ ወሬውን ሰው በችኮላ ቢነግራቸው ራሳቸውን ስተው ለትንሽ ነው የተረፉት። እናም ጋሽ አብዱልሐሚድ ዕቃዋን ለጅሬኛ ሰጥተው፣ ከልጁ ጋር እንዲውል፣ ስልክ እንዳያስደውለው፣ ፊቱንም ፈታ እንዲያደርግ አዘዙት። ፊት መፍታት! ለተናጋሪው ቀላል ነው።

እትዬ ዘሃራ በሩን ከፍተው ገና ሳይቀመጥ ስለ ሪሀና ጠየቁት። ያቺ ከዱባይ የመጣችው ልጅ ምን አለች፣ ከስታለች ወይስ ወፍራለች? ጅሬኛ ደህና ናት፣ እንዲያውም ፊቷ መለስ ብሏል አላቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ! ወደ ሃይደር ክፍል ገባ። እሳቸው በችፑድ ከተከፈለችው ክፍል ባሻገር ተቀምጠው ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ። የሚወድቀው ጠጠር ሁሉ ይሰማል፤ ያ ግድግዳ ሹክሹክታ እንኳ አይከልልም።

ሃይደር እግሩን በጄሶ እንደታሰረ ዕቃዋን ሲያይ እንደ ሕፃን ሳቀ። ወዲያው ደውሎ ሊያመሰግናት ፈለገ። ጅሬኛ ኔትወርክ የለም አለና ስልኩን እስቲ ልያት ብሎ ተቀብሎ አጠፋት፣ ኪሱም ከተታት። በዚያ ዘመን ኔትወርክ የለም ሲባል ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ይህን ጌም ሁለቱም ያውቁታል። ልጆች ሳሉ ጌም ቤት ገብተው ሦስት ክረምት ሙሉ ተጫውተውታል። እንደ ኳሱና እንደ ተኩሱ አይደለም፤ ረጅም ታሪክ አለው። አንድ ወታደር ከጓደኛው ጋር አገር ላገር ይዞራል፣ ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ያወራል፣ ወሬው በጽሑፍ ይመጣል። ሃይደር ጣቱ ፈጣን ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ስለዚህ እሱ ሲዋጋ ጅሬኛ በአማርኛ እየመለሰ ያነብለት ነበር። አሁን ያው የድሮው ጌም ለእጅ ተብሎ እንደገና ወጥቷል፤ በድሮው ያልነበረ አንድ ሙሉ ምዕራፍም ተጨምሮበታል፣ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀጥታ የሚከፈት።

ሃይደር ጭማሪ የሚባል ነገር አይወድም። ወጡ ከወጣ በኋላ ጨው አይነሰነስም ባይ ነው። ቢሆንም የእህቱ ስጦታ ነውና ምዕራፉን ከፈተው። ጅሬኛም ጎኑ ተቀምጦ ማንበብ ጀመረ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል አሉ። በድሮው ጌም ላይ የወታደሩ እህት ትሞታለች፤ ወታደሩም መጨረሻው አካባቢ በደብዳቤ ይሰማል። አዲሱ ምዕራፍ ደግሞ ደብዳቤው እስኪደርሰው ድረስ የት እንደቆየ ይተርካል። ለካ ጓደኝየው ነው የያዘው! ገና በመጀመሪያው ከተማ ተቀብሎ፣ አንብቦ፣ ደረት ኪሱ ከትቶ አብሮት ይሄዳል። ጅሬኛ ይህን በዓይኑ ቀድሞ ሲያነብ ክው አለ። ደብዳቤው ስለ ስንቅና ስለ ዝናብ ነው ብሎ አለፈው።

ሃይደር ቀና ብሎ አየው። ያን ሁሉ መስመር በሁለት ቃል እንዴት ጨረስከው፣ «ሲስተር» የሚለውን እኮ እኔም አውቃለሁ አለው። ጅሬኛ መሄጃ አጣ። አንድ በአንድ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ አነበበለት።

ሃይደር ዕቃዋን ጭኑ ላይ አኖራት።

«አበላሹት» አለ። «ያን ጓደኛውን እኮ እወደው ነበር። ሦስት ክረምት ሙሉ አብሮት ሲበላ፣ ሲስቅ፣ ለካ እያወቀ ነው።»

ጅሬኛ፣ እንዲያውም ጭማሪው ጌሙን አሳምሮታል፣ ሰውየው ጦርነት ላይ ልቡ እንዳይሰበር አስቦለት ነው እያለ ሊከራከር ሞከረ። ድምፁ ግን ቀጠነበት። ነገ ሽማግሌዎቹን ተከትሎ ሲገባ ይህ ልጅ በምን ዓይን ሊያየው ነው? ከነገው ሁሉ ያቺ ዓይን አስፈራችው።

«አንተ ብትሆን ትነግረኝ ነበር?»

አዎ ማለት ይችል ነበር። አልችል አለ። ከግድግዳው ማዶ ጠጠር ወደቀ። ሃይደር ስልኬን ስጠኝ ብሎ እጁን ዘረጋ። የጅሬኛ እጅ ኪሱ ላይ ደርቆ ቀረ። በእኛ አገር እንዲህ ዝም ያለ ሰው ተናግሯል ማለት ነው፤ የሃይደርም ፊት አመድ መሰለ።

«ሪሀና ናት?»

ጅሬኛ አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። እንባው ቀደመው። ከሃይደር ጉሮሮ የወጣው ድምፅ የሰው ድምፅም አይመስልም። ያኔ ነው ጅሬኛ የሠራውን ያወቀው። ስለ ጓደኛው ፊት ሲጨነቅ እናትየውን ረስቷቸዋል! ሽማግሌ የለ፣ መኪና የለ፣ አጠገባቸው ውሃ የሚያቀብል ሰው እንኳ የለ። የምስሩ ሰፌድ መሬት ሲነካ ሰማ፤ ነጠላ ጫማ እየተጎተተ መጣ።

«ምንድን ነው እሱ? ምን ሆናችሁ?» አሉ እትዬ ዘሃራ፣ ከበሩ መጋረጃ ማዶ።

ሃይደር ብርድ ልብሱን ነክሶ ትንፋሹን ዋጠ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«ምንም አይደል እማዬ። በጌሙ ተሸንፌ ነው።»

እሳቸው ሳቁ። ይህን የሚያህል ጎረምሳ በጌም እንደሚያለቅስ ሪሀና ስትደውል እነግራታለሁ ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ሃይደር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዕቃዋን ወደ ጅሬኛ ገፋት።

«አንብብ» አለው በሹክሹክታ። «እማዬ ድምፅህን ትስማ፣ እየተጫወትን ይምሰላት።»

ጅሬኛ ከየት እንደሚጀምር አላወቀም። ዓይኑ ያረፈበትን ጮክ ብሎ አነበበ። የመግሪብ አዛን እስኪል አነበበ፤ ሃይደር አንዴም አልዞረም።