ለመሰላል ድርብ ቋጠሮ

ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። እሷ «ቀጭን ስለሆንኩ ነው» ስትል እናቷ ደግሞ «ስለምትወጊ ነው» ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም።

ያን ዕለት ጠዋት መርፌ አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ ጫማውን ታስር ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ያሰረችለት እሷ ናት። የነዳጅ ዘይት ጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን ተሳቢ ላይ ጭኖ ሰንሰለቱን ሲያጠብቅ ወገቡ «ቋ» ካለበት ቀን ጀምሮ ጎንበስ ማለት አይችልም። ለአለቃው «የቤተሰብ ችግር ገጠመኝ» ብሎ ቤት ገባ። እውነቱን የሚያውቁት ሚስቱና መርፌ ብቻ ናቸው።

«ዛሬ ምን ሥራ ልትጠይቅ ነው?» አለችው።

«የድሮ ሥራዬን ነዋ። ማሽን ማዘዋወር።»

«ወገብህስ?»

«ወገቤ አፍ የለውም። አንቺም አፍሽን ያዢ።»

አፍ መያዝ! መርፌ ከዚህ ነገር ጋር ተዋውቃ አታውቅም። ከእናቷ ጋር መንገድ ዳር ከባድ መኪና ስታጥብ የምትውል ልጅ ናት። ከዘይት ጉድጓዶቹ የሚመጣውን መኪና የጋቢናውን ምንጣፍ አይታ ብቻ ምን ሲጭን እንደሰነበተ ትነግርሃለች። ስለዚህ አብራው ወደ ስምሪት ክፍሉ ስትሄድ መንገድ ላይ ጀመረችው።

«ለጉድጓዱ አሸዋ የሚጭኑት ምንጣፋቸው የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ብቻ ነው። ለምን? ጉድጓዱ ጋ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ ነዋ የሚውሉት። ስድስት ሰዓት ቁጭ! አንተ አንድ ሰዓት ተቀምጠህ ስትነሳ እንደ አሮጌ በር ነው የምትጮኸው።»

«መንገድሽን እያየሽ ሂጂ።»

«ውሃ የሚያመላልሱት ደግሞ ጭቃ በጭቃ ናቸው። ማታ ማታ ቤታቸው ያድራሉ፤ እሱ ደስ ይላል። ግን በቀን አሥር ጊዜ ኮረኮንች፣ በየምልልሱ ዘንዶ የሚያክል ቱቦ መጎተት። ቧንቧ የሚጭኑትን ተዋቸው፤ እሱም ያው ሰንሰለት ነው።»

አባቷ ሳያስበው «የድፍድፍ ዘይት ቦቴስ?» አለ።

«ምንጣፋቸው ከእኛ አልጋ ልብስ ይነጻል! የሚጭነውም የሚያወርደውም ፓምፕ ነው። ሾፌሩ መጠንቀቅና መለካት ብቻ።»

«የአሮጊት ሥራ ነው በይኛ።»

«አሮጊት ቦቴ ስትነዳ አይተህ ታውቃለህ?»

ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ወገቡን ያዘ።

የስምሪት ክፍሉ አለቃ ሰዓቱን ሳያይ ሰላምታ የማይሰጥ ሰው ስለሆነ ሾፌሮቹ «ጋሼ ሰዓት» ይሉታል። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አባቷን ሲያይ ፊቱ በራ።

«መጣህልኝ! ነገ የሚነሳ ማሽን አለ፤ ሰው አጥቼ ነበር። ደህና ነህ? ጤናህ?»

«ብረት ነኝ!»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የመርፌም አፍ አመለጠ። «ጋሼ፣ ጫማውን ማን እንዳሰረለት ይጠይቁት እስቲ።»

አባቷ አላያትም። ቢቆጣ፣ ቢሰድባት በተሻላት። መሬት መሬቱን ሲያይ ግን ምላሷን ቆርጣ ብትጥለው ደስ ባላት።

«ወገብህ ነው?» አለ ጋሼ ሰዓት ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«ታዲያ ስምንት ወር ምነው ደበቅከኝ?»

«ሰንሰለት የማያነሳ ሾፌር ማን ይፈልጋል ብዬ ነዋ፣ አለቃ።»

ጋሼ ሰዓት ሰዓቱን አየ። ከዚያ አባቷን አየ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ መስታወት እንኳ ሳትሰብር ነድተህልኛል። ሰንሰለት የሚያነሳ ጉልበተኛ ሞልቷል፤ እንዳንተ የሚነዳ ግን ከየት ላምጣ? አንድ ቦቴ ሾፌር አጥቶ ቆሟል። ብቻ ከመጫንህ በፊት የዘይት ማጠራቀሚያው ጋን አናት ላይ ወጥተህ መለካት አለ። አሥራ ስምንት ደረጃ ነው። ትወጣለህ?»

ግቢው ውስጥ ለመለማመጃ ውሃ የተሞላ ጋን ነበር። አባቷ መሰላሉን ያዘ። መርፌ ከታች በሆዷ ትቆጥራለች። አምስት። ዘጠኝ። አሥራ አንደኛው ላይ ቆመ። ጋሼ ሰዓት እንኳ ሰዓቱን ረሳ። ከዚያ አንድ እግር፣ ሌላው እግር፣ አሥራ ስምንት!

ላይ ሲደርስ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አየና ጀርባውን ሰጠው፤ ዘይት ቢሆን ትነቱ ፊት ይመታል። እዚያው የተሰቀለውን የመለኪያ ሜትር ቀጥ ብሎ እንደቆመ ቁልቁል ጋኑ ውስጥ ለቀቀው፤ መጎንበስ የሚባል ነገር የለም። ስቦ አወጣና ቁጥሩን ጮክ ብሎ ጠራ። ጋሼ ሰዓት ከራሱ መዝገብ ጋር አስተያየ።

«ልክ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ እዚህ ተገኝ። ውሸትህን ግን ቤትህ ትተህ ና።»

ሲመለሱ አባቷ መንገዱን ብቻ እያየ ሄደ። ቤታቸው በር ላይ ሲደርሱ መርፌ አልቻለችም።

«አባዬ፣ ተቀየምከኝ?»

«ሁለት ቀን እቀየምሻለሁ። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ዘረጋ። መርፌ ዓይኗን እያሸች መጥታ ተንበረከከች።

«ድርብ ቋጠሮ አርጊው» አለ። «መሰላል አለ።»

«ሁለት ቀን እቀየማለሁ አላልክም?»

«እየተቀየምኩ ነው። እሰሪ።»