መዳፍ ላይ የሚተኛ ደብተር

መሪጌታ ኃይለመስቀል ከጧት ጀምሮ አልተቀመጡም። ከመደቡ ተነሥተው በሩ ድረስ ይሄዳሉ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ያያሉ፣ ተመልሰው ይቀመጡና ወዲያው ይነሣሉ። መቋሚያቸው ወለሉን በመታ ቁጥር ሚስታቸው አመተሥላሴ ትደነግጣለች፤ ክሩም የመርፌውን ዓይን ይስትባታል።

«ኧረ እባክዎ አንድ ቦታ ይርጉ» አለች። «እኔም እጄ አልረጋ አለኝ።»

መሪጌታ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱ። ከኅዳር ወዲህ ሌላ መልስ የላቸውም። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ሕይወታቸውን ለማትረፍ የጉሮሯቸውን እብጠት ከነድምፃቸው አውጥተውታል። አሁን የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በተተወች ቀዳዳ ነው፤ የመንዝ ብርድ እንዳይገባባት በነጭ ሻሽ ይሸፍኗታል። ፀጉራቸው እስኪሸብት በመቋሚያ የሚዘመረውን አቋቋም ያስተማሩ ሰው ዛሬ ውሃ ሲጠማቸው ጣሳ ያንኳኳሉ።

ሁለቱንም ዕረፍት የነሣቸው የነገው ጧት ነበር። ለጥምቀት ወደየአገራቸው የሄዱት ተማሪዎች ተመልሰዋል። ትልቁ ተማሪ ምንይሉ ትናንት መጥቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «የኔታ፣ ከነገ ወዲያ ጧት ከወጡልን እንቀመጣለን። ካልሆነልዎ ግን ልጆቹ ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት እንሂድ እያሉ ነው» ብሏቸዋል። ዜማውን ምንይሉ ሊመራ ይችላል። እርምጃውንና ውዝዋዜውን፣ ዝማሜውን፣ መሪጌታ በመቋሚያቸው ያርማሉ። የቱ ቃል ላይ እንደተሳተ ለመንገር ግን መጻፍ ሊኖርባቸው ነው።

ባለፈው ሳምንት የተማሪ ቤት ደብተር ይዘው ግቢው ውስጥ ሞክረውት ነበር። መቋሚያውን ብብታቸው ሥር ወትፈው፣ ደብተሩን በግራ እጃቸው ዘርግተው ሊጽፉ ሲሉ ነፋሱ አጠፈው፣ ገለበጠው፣ በመጨረሻም ከእጃቸው ነጥቆ የገብሱ ቃርሚያ ላይ ጣለው። መሪጌታ አላነሡትም። ገብተው ተኙ። አመተሥላሴ ናት ሮጣ ያነሣችው፤ ኪስ የሚገባና ነፋስ የማያጥፈው ደብተር ልትሰፋላቸው ያሰበችውም ያን ዕለት ነው።

ዛሬ ጧት የዚያን ደብተር ወረቀት በቢላዋ ቆራረጠች። ለልባሱ ካርቶን አዘጋጅታ ካረጀ አቁማዳ በቀደደችው ቆዳ ጠቀለለችው። ወስፌውን ይዛ ስትወጋ ጎረቤቷ ዓለሚቱ ወንፊት ልትዋስ ገባች።

«ምንድን ነው የምትሰፊው አመተ? የድመት አቁማዳ?»

«ደብተር ነው። ለመሪጌታ፣ ለኪሳቸው።»

«መሐል ሜዳ ከተማ ሱቁ ሁሉ ደብተር ሞልቶት!»

«ጋቢ የሚያክል ነው ያለው። ኪስ የሚገባ አጣሁ።»

«ስልክ ላይ አይጽፉም ታዲያ? ዘመኑ የስልክ አይደል?»

«ሞከሩት። ‹ውሃ› ብለው እስኪጨርሱ እኔ ምንጭ ወርጄ ቀድቼ ተመለስኩ።»

ዓለሚቱ ልትስቅ አፏን ስትከፍት መቋሚያው ወለሉን መታ። «ይማሩኝ የኔታ» ብላ ወንፊቱን ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች።

ደብተሩ አለቀ። አመተሥላሴ በምታውቀው መንገድ፣ እንደ አቁማዳ፣ ዳርና ዳሩን ጠብቃ ሰፍታዋለች። በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። መሪጌታ ግራ መዳፋቸው ላይ አኑረው ከፈቱት፤ ተመልሶ ተዘጋ። በአውራ ጣታቸው ተጭነው ከፈቱት፤ ጣታቸውን ሲያነሡ እንደ ወጥመድ ክድን አለ። መደቡ ላይ ወረወሩትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እንግዲህ እኔ የማውቀው አቁማዳ መስፋት ነው!» አለች። «ብራና የጠረዙት አንቱ ነዎት። የተወሰደው ድምፅዎ ነው፤ እጅዎን ማን ነካው?»

ካለችው በኋላ ደነገጠች። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። መሪጌታ ከግድግዳው ዞሩ። ከዚያ ተነሡ፣ ቢላዋውን አንሥተው ስፌቱን በጣጠሱት።

«ይጣሉት በቃ! ያቃጥሉት!»

አላቃጠሉትም። ተቀምጠው ከደብተሩ የተረፈ ሌላ ወረቀት አወጡ፤ ቅጠሎቹን ከመካከል አጠፉ፤ አንዱን በአንዱ ሆድ እየከተቱ ትንንሽ እስር አበጁ። በወስፌው እጥፋቱ ላይ፣ ወረቀቱ ጀርባ ላይ፣ ቀዳዳ ወጉ። አመተሥላሴ ቀረብ አለች። ክሯን አዩት፤ ተፈትሏል ግን ይበታተናል። ከሥዕለ ማርያሙ ሥር ጧፍ አንሥተው ክሩን በሰሙ ላይ ደጋግመው ሳቡት። ክሩ ለስልሶ ቀጥ አለ። መርፌውን ሰጧት፤ የእሳቸው ጣት ለመርፌ ይንቀጠቀጣል።

ሰፋች። አጥብቃ ስትስበው ወረቀቱ ተቀደደ። በእርሳስ ጣቷን መታ አደረጓት። እንደገና ወጋች፤ በስተግራ መሄድ ሲገባት በስተቀኝ ሄደች። ደግመው መቷት።

«ኧረ አይምቱኝ! ተማሪዎ መሰልኩዎት እንዴ?»

የመሪጌታ እጅ አየር ላይ ቆመ። እርሳሱን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ መርፌው የሚገባበትን ቀዳዳ በእርሳሱ ጫፍ ቀስ ብለው ነክተው ጠበቋት። እዚያ ወጋች። ቀጣዩን ነኩላት። እንዲህ እየተከተለች እስሮቹን አንዱን ከአንዱ አያይዛ ስትጨርስ ፀሐይ ቆላው ላይ አዘቅዝቃ ነበር። ልባሱን አልብሰው መጅ ጫኑበት። ያን ሌሊት መሪጌታ እየተነሡ ድንጋዩን ሲያነሡና ሲመልሱ ትሰማ ነበር፤ የነገውን ግን አልጠየቀቻቸውም።

ሲነጋ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። መሪጌታ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ሻሹን አጥብቀው፣ ደብተሩን ኪሳቸው ከተው ወጡ። አመተሥላሴ በሩ ላይ ቆመች። ተማሪዎቹ ደበሏቸውን ተከናንበው አጥሩ ውስጥ ይጠብቃሉ። መሪጌታ አጥሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ደብተሩን አወጡ፣ ጎንበስ አሉበት። ከዚያ ዞረው ወደ ቤት መመለስ ጀመሩ።

«አይ፣ አይ» አለች ለራሷ።

ደርሰው ደብተሩን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው አሳዩዋት። ሳይያዝ ተኝቷል፤ ነፋሱ ልባሱን አላነሣውም። ገጹ ላይ ግን ያለው ቀለም የሌለው ጭረት ብቻ ነው። የእስክሪብቶው ቀለም በብርዱ ረግቷል።

«ለዚህ ነው የተመለሱት?» አለች። እስክሪብቶውን ነጥቃ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። ሁለቱም እዚያው ቆሙ፤ ተማሪዎቹም ከአጥሩ ወዲያ ያዩዋቸዋል። ሲሞቅላት ሰጠቻቸው። ጻፉና ገጹን ወደ እሷ አዞሩላት። በመሠረተ ትምህርት በቆጠረችው ፊደል አንድ በአንድ አነበበችው፤ «ይህ ቶሎ ያልቃል። ሌላ ጀምሪ።»

ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የምንይሉ ድምፅ ተነሣ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። መቋሚያው መሬቱን መታ፤ ዜማው ተቋረጠ። ጸጥ አለ። አመተሥላሴ ለሌላው ደብተር የጠቀለለችውን ክር ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ይጽፋሉ ወይስ ትተውታል? ዝምታው ረዘመባት፤ አንድ እግሯን ከደጃፉ አወጣች።

ያን ጊዜ ምንይሉ ከተሳሳተበት ቃል ላይ እንደገና ጀመረ።