የሶላሩ አንሶላ

የልጆቼ አባት ስኳር አለበት። ኢንሱሊኑ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ መብራት ደግሞ ሰፈራችን እንደ ሩቅ ዘመድ ሲያሰኘው ብቅ ይልና ሳይሰናበት ይሄዳል። ስለዚህ ሶላር አስገባን።

የገጠመልን ባለሙያ ጣሪያው ላይ ቆሞ ዙሪያውን ቃኘና፣ "እትዬ፣ እንዲህ ያለ ፀሐይ አናታችሁ ላይ እያለ በጨለማ ትቀመጡ ነበር?" አለኝ።

"ምን ያበላሸዋል?" አልኩት። አዲስ ዕቃ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

"ምንም። ብቻ ሙቀት ሲበዛበት ትንሽ ይዳከማል።"

ትንሽ! ሐኪሙም "ትንሽ ስኳር አለ" ብሎ ነው የጀመረው።

እኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ልብስ አለው። ሶፋው ከነላስቲኩ ዐሥር ዓመት ሞላው፤ ሪሞቱ እንኳ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። ታዲያ ከሁሉም የተወደደው ዕቃ ራቁቱን ጣሪያ ላይ ሲጠበስ ዝም ብዬ ልይ? ባለቤቴ ሥራ ሲሄድ ጠብቄ፣ ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አበባ ያለበትን አንሶላ አለብሰው ጀመር። የጠዋቱና የማታው ብርሃን አይበቃውም? ሰው እንኳ በቀትር ጥላ ይፈልጋል።

በአራተኛው ቀን ፍሪጁ ቆመ። የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ብነካው ለብ ብሏል። ያልኩት አልቀረም!

ደወልኩ። ባለቤቴም ባለሙያውም በምሳ ሰዓት መጡ።

"የሞተ ባትሪ ነው የሸጥክልኝ!" ብሎ ደነፋ ባለቤቴ። "መድኃኒቴ ተበላሸ እኮ!"

ባለሙያው ባትሪውን ለካ። "ጋሼ፣ አልሞተም። የራበው ነው የሚመስለው።" መሰላሉን ይዞ ወጣ። እኔ አንሶላውን ማንሳት ትዝ ያለኝ እሱ ጣሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

"እትዬ! እዚህ የተኛው ማነው?"

ባለቤቴ አንጋጠጠ። "የኛ አንሶላ አይደለም እንዴ?"

"አሮጌው ነው" አልኩ።

"ይሄ እኮ ምግቡ ፀሐይ ነው!" አለ ባለሙያው በሳቅ እየተንፈቀፈቀ። "በምሳው ሰዓት አፉን ሸፍነውት!"

ባለቤቴ ይቆጣል ስል ሳቁ ወገቡን አስይዞ ደረጃው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ አዲስ መድኃኒት ሊገዛ ሄደ። ባለሙያው ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ፣ "ብቻ አቧራ እንዳይጠራቀምበት፣ በሳምንት አንዴ ይወልወል" አለኝ። ይህ ሰው "ብቻ" ማለቱን መቼ ይሆን የሚተወው?

አሁን በየጠዋቱ እርጥብ ጨርቅ ይዤ እወጣለሁ። የልጆቼ አባት ሥራው እየረፈደበት መሰላሉን በሁለት እጁ ጨብጦ ይጮኻል።

"አንቺ ሴትዮ፣ ውረጂ! በሳምንት አንዴ ነው የተባለው!"

"ትናንት ነፋስ ነበር።"

"ስኳሬ አንቺን ተከትሎ ወጣ እኮ!"

ይውጣ። መድኃኒቱ እንደሆነ ቀዝቅዞ ተቀምጧል።